በሃምሳ አንድ ኪሎ ሰው የሚጥል ክንድ

እማሆይ እናትነሽ ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አረፉ። ከተዝካሩ በኋላ ልጃቸው ይበልጣል ፍኖተ ሰላም ካለው ቤቴ መጥቶ ደጃፌ ላይ ተቀመጠና «ጋሼ፣ አሁን እንኳ ይጻፉት፤ ከእንግዲህ የሚያዝንበት ሰው የለም» አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የቆየ ወዳጅ ሁሉ የሥራ ዘመንህን ጻፍ ይለኛል። አንዷን ነገር ዘልዬ ሌላውን ብቻ መጻፍ ግን አልሆነልኝም። ያቺን ነገር ደግሞ እማሆይ በሕይወት እያሉ ልጽፋት አልችልም ነበር።

ሥራዬ ቡጢ ማሠልጠን ነበር። ቡሬ ጀመርሁ፣ መሐል ላይ ጥቂት ጊዜ አዴት ተመደብሁ፣ ቀሪውን ዘመኔን ፍኖተ ሰላም ጨረስሁ። ደመወዙ ለወግ የሚበቃ አልነበረም። ጡረታ ስወጣም የተወለድህበትን ዘመን አረጋግጥ ተብዬ በሰፈር ሽማግሌዎች ግምት አስጻፍሁ፤ የወረቀቱ ነገር ይኸው ነው። እኔ መናገር የምፈልገው ስለ ትንንሾቹ ቡጢኞች ነው፤ ስለ ሃምሳ አንድ ኪሎዎቹ።

ፈረንጆቹ ይህን ሚዛን በዝንብ ስም ይጠሩታል። ቡሬ ገበያ ላይ ይህን ለአንድ በርበሬ ነጋዴ ብነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍት! አሁን መንግሥት ደመወዝ የሚከፍልህ ዝንብ ልታሠለጥን ነው?» አለኝ። እኔም ሳቅሁለትና አዳራሹ መጥቶ እንዲያይ ጋበዝሁት። መጣ፤ ገደፋው የሚባለውን ልጅ ቀኝ ቡጢ በመዳፉ ልቀበል ብሎ ተቀበለና ክንዱን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ባየኝ ቁጥር «ዝንቦችህ ደኅና ናቸው?» እያለ በአክብሮት ይጠይቀኝ ነበር።

ገደፋው ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ የአዊ ቤተሰብ የተወለደ፣ አማርኛውንም አገውኛውንም እኩል የሚያወራ፣ አንገቱ ቀጭን የሆነ ልጅ ነበር። እኔ ካየኋቸው ጠንካራ መቺዎች የመጀመሪያው እሱ ነው። የትንሽ ሰው ከባድ ቡጢ አንድ ጣጣ አለበት። ኃይሉ የትልቅ ሰው፣ የእጁ አጥንት ግን የትንሽ ሰው ነው፤ ስለዚህ የሚመታው ሰው ሳይሆን የራሱ እጅ ይሰበራል። የገደፋው እጅ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ ከሁለተኛው በኋላ እርሻው ይሻለኛል ብሎ ሄደ። የእጅ ፋሻ አጠማጠምን ከልቤ መማር የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው፤ ያስተማሩኝም ሃምሳ አለቃ ጓንጉል ናቸው።

ሃምሳ አለቃ ጓንጉል በወታደርነት ዘመናቸው ቡጢ ሲቧቀሱ የኖሩ፣ በኋላ የቡሬን አዳራሽ ያቋቋሙ ሰው ነበሩ። ፋሻውን ራሳቸው ያጥባሉ፣ ራሳቸው ያሰጣሉ፣ ሌላ ሰው ሲነካባቸው አይወዱም። ሲጠመጥሙ ከእጅ አንጓ ይጀምሩና በጣቶቹ መካከል እያሳለፉ ቡጢው በሚያርፍበት አመድማዶው ላይ ደርበው ደርበው ይመጣሉ። አውራ ጣቱን መጨረሻ ላይ ያስራሉ። ከዚያ ልጁን «ጨብጥ» ይሉታል፤ ሲጨብጥ ከጠበቀ፣ ሲዘረጋ ከላላ ልክ ነው። ካልሆነ ፈትተው እንደገና ይጀምራሉ፤ ደወሉ ቢደወልም ግድ የላቸውም።

ቡጢን የሚመዝኑት ግን በጆሯቸው ነበር። ጆንያው ገለባ ተሞልቶ፣ ከመሐሉ የአሸዋ ከረጢት ተቀብሮበት፣ ከአዳራሹ ወራጅ ላይ ተንጠልጥሏል። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው በርጩማ ላይ ይቀመጡና ሸንኮራ ይልጣሉ። ልጆቹ ተራ በተራ ይመታሉ። «ጧ» ካለ ዞርም አይሉ፤ ያ ጥፊ ነው፣ ከቆዳ አያልፍም ይላሉ። «ድም» ካለና ጆንያው መወዛወዙን ትቶ ባለበት ካጎነበሰ ግን ቢላዋቸው ቆም ትላለች። በዘመናቸው አንድም ሰው ጎበዝ ሲሉ አልሰማሁም። ቢላዋዋ ቆመች ማለት ተመሰገንህ ማለት ነበር።

«ቡጢ ተክንድ አይወጣም» ይሉናል። «ተተረከዝ ነው የሚነሣው። ተረከዝህ መሬቱን ይገፋል፣ ዳሌህ ይዞራል፤ ክንድህማ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛ እንግዲህ ደርቆ ተሄደ ምን ያደርሳል?»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ልጆቹ ከግጥሚያ በፊት ዳኞች ፊት ሚዛን በሚወጡበት ቀን ጧት የአዳራሹን በር ይቆልፉና ቁልፉን ኪሳቸው ይከታሉ። «ሚዛን ላይ እስኪወጣ ድረስ ልጁ የኔ ነው፤ እናቱም ብትመጣ አላውቃትም» ይላሉ። ይህን እንደ ጭካኔ እቆጥርባቸው ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ እኔም በሬን መቆለፉን ያዝሁ፤ የሚቆለፈው ለምን እንደሆነ ግን በቅጡ የገባኝ አይመስለኝም።

ይበልጣል የመጣልኝ ፍኖተ ሰላም ከተዛወርሁ በኋላ ነው። አገሩ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ አጠገብ ነው። አጎቱ ዘንድ ተቀምጦ ይማራል፤ ከትምህርት መልስ ለሆቴሎች ፍልጥ ይፈልጣል። ባሕር ዛፍ የሚፈልጥ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ መጥረቢያውን ሲያነሣ ክንዱን ያላላዋል፣ የሚጨብጠው ግንዱ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። እኔ ለሌሎች ስንት ወር የምለፋበትን ይህን ነገር ልጁ ይዞት መጣ። በመጀመሪያው ቀን ጆንያውን ሲመታ እኔ ሳላስበው ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀምጬ ነበር። «ድም» አለ። እውነቴን ነው፣ እጄ ላይ ቢላዋ ቢኖር ኖሮ ትቆም ነበር። ሃምሳ አለቃ ይህን ሳይሰሙ መሞታቸው አሳዘነኝ።

በቀጣዮቹ ዓመታት ይበልጣል የገጠማቸው ሁሉ ሦስተኛውን ዙር አላዩም። ልጁ ትሑት ነው፤ የጣለውን ሰው ራሱ ሄዶ ያነሣዋል። አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ወኪል ወሬውን ሰምቶ ኖሯል፤ ትልቁ ውድድር ፍኖተ ሰላም ላይ ሲደረግ መጣና «ያ የሃምሳ አንዱ ልጅ ካሸነፈ ይዤው እሄዳለሁ» አለኝ። ክለብ ማለት ደመወዝ ነው፣ ማደሪያ ነው፣ ከዚያም ብሔራዊ ቡድን ነው። ለፍልጥ ፈላጭ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። ለእኔም ቢሆን፣ ዕድሜ ልኬን የጠበቅሁት እንዲህ ያለ አንድ ልጅ ነበር።

ነገሩ በሁዳዴ ቢሆን ሚዛን አያስጨንቀንም፤ ልጆቻችን ከጾሙ ጋር አብረው ይወርዳሉ። ውድድሩ የወደቀው ግን ከፋሲካ በኋላ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳ ነው። ይበልጣል ለበዓል ሰከላ ሄዶ የእናቱን ቅቤና የበግ ሥጋ ተሸክሞ ተመለሰ። አወረድነው። አስሮጥሁት፣ ገመድ አዘለልሁት፣ በመጨረሻው ቀን ውሃ ከለከልሁት። የሚዛኑ ዕለት ጧት ከእህል ነጋዴ በተዋስሁት ሚዛን አዳራሽ ውስጥ መዘንሁት። መርፌዋ ሃምሳ አንድ ላይ ቆመች፤ ልክ ላይ፣ ከዚያ ቢያልፍ ከውድድሩ ይባረራል። በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። የቀረን ወደ ዳኞቹ ሚዛን መሄድ ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳው ብመለከት ነጠላ ያጣፉ፣ ቢጫ ጀሪካን በጀርባቸው ያዘሉ ሴት ናቸው። የይበልጣል እናት፣ ወይዘሮ እናትነሽ። ገና አልመነኮሱም ነበር።

«እንደምን አደሩ ጌታው? ልጄን አንድ አፍታ ላየው ነው» አሉኝ።

«እንደምን አደሩ እናቴ። ከሚዛን በኋላ ቢያዩት አይሻልም?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ተሰከላ ድረስ ጸበል አዝዬ መጥቼ ተደጅ ልመለስ?»

ወይዘሮ እናትነሽ ስንት ዓመት የቆየ የሆድ ሕመም ግሽ ዓባይ ጸበል ላይ የተዋቸው ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለታመመ ዘመድ፣ ለተፈታኝ ተማሪ፣ ለመንገደኛ ሁሉ ከዚያ ውሃ ያደርሳሉ። በር ላይ ቆመው፣ የጀሪካኑ ገመድ ትከሻቸው ላይ ሰምበር አውጥቶ እያየሁ ቁልፉን አወጣሁ።

ልጃቸውን ሲያዩ ደነገጡ። «ወየው ልጄን! ከንፈርህ ምነው እንዲህ ተሰነጣጠቀ? ውሃም የለ ተዚህ አገር?» ብለው ከመቀነታቸው ጣሳ አወጡና ሞሉ።

«እናቴ፣ ለአሁኑ ቀምሶ ይተወው፤ የቀረውን ከሚዛን በኋላ ይጠጣዋል» አልሁ።

«ጸበል ይቀመሳል እንዴ አቶ አለምነው? ባዶ ሆድ፣ ጥግብ ተብሎ ነው የሚጠጣ። ግማሽ በረከት አለ ዛዲያ?»

ይበልጣል እኔን ያየኛል። እኔ ጣሳዋን አያለሁ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ እንደሚመዝን ማንም ነጋዴ ያውቀዋል፤ አሠልጣኝማ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ነገር ግን ከዓባይ ምንጭ ጸበል ተሸክማ ለመጣች እናት፣ ይህ ጸበል ክብደት አለውና ልጅሽን ይጥለዋል ብሎ መናገር አፌ እምቢ አለኝ። ነውር መሰለኝ። ልቤም ሊያታልለኝ ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ እስቲ ማን ያውቃል፣ ጸበል እኮ ነው አልሁ ለራሴ። ልጁ ጠጣ። ደግመው ሞሉለት፤ እሱንም ጠጣ። እናቱ ግንባሩን በመስቀል ምልክት አማትበው፣ ደስ ብሏቸው፣ ቅዳሴ ሳይወጣ ልድረስ ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ሚዛኑ ላይ መልሼ አወጣሁት። መርፌዋ ሃምሳ አንድን አልፋ ሄደች። 

«አስመልሰው» አልሁት። «ጣትህን ጉሮሮህ ውስጥ ክተት።»

«ጋሼ» አለኝ፣ «እናቴ ያመጣችውን ጸበል ተፍቼ የማሸንፈው ነገር ይቅርብኝ።»

የዳኞቹ ሚዛን ሊዘጋ ጥቂት ነው የቀረው። ከአዳራሹ ጀርባ አንድ ዳቦ ቤት አለ። ባለቤቱን ለምኜ ይበልጣልን በብርድ ልብስና በላስቲክ ጠቅልዬ ከምድጃው አፍ ፊት አቆምሁትና ገመድ አዘለልሁት። ላቡ መጀመሪያ እምቢ አለ። ኋላ መጣ፣ ተንዠቀዠቀ። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ሥራቸውን ትተው በኀዘን ያዩን ነበር። ተሸክሜው ማለት ይቻላል ሚዛኑ ላይ አደረስሁት፤ አለፈ። ሲወርድ ግድግዳ ይዞ ነው የወረደው።

ግጥሚያው ከሰዓት በኋላ ነበር። እስከዚያ ውሃም ሾርባም ሰጠሁት፤ ሆዱ አልቀበል አለ። ተጋጣሚው የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፣ ጎበዝ ልጅ። በአንደኛው ዙር ይበልጣል ያቺን ቀኙን አገኛትና አሳረፈበት። እንደ ልማዴ ድምፁን ልስማ ብዬ ጀርባዬን ለሪንጉ ሰጥቼ ነበር። «ጧ» አለ። ጥፊ። ዞር ስል የደብረ ማርቆሱ ልጅ እንደቆመ ነው፤ ያችን ቡጢ ቀምሶ ቆሞ የቀረ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ልጁም ራሱ ሳይገርመው አልቀረም። በሦስተኛው ዙር ይበልጣል ተዘረረ፤ ዳኛው ቆጥረው ጨረሱ።

ወይዘሮ እናትነሽ ሰው እየገፉ ደረሱ። የልጃቸውን ጉንጭ፣ የጎደጎደ ዓይኑን፣ እንደ ክር የቀጠነ እግሩን አዩ። ያን ጧት «ጌታው» ያሉኝ ሴት «አንተ ሰው!» አሉኝ። «ልጄን በረኃብና በውሃ ጥም አድርቀህ ለሰው አስደበደብኸው! አንተስ ልጅ የለህም?» እውነት ነበራቸው፤ ግማሹን እውነት ይዘው ነበር።

ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተተክሎለት ተኝቶ ሳለ ይበልጣል እጄን ያዘኝ። «የጸበሉን ነገር እንዳይነግሯት፣ ይማሉልኝ። እሷ ያን ውሃ ይዛ ነው የቆመች። በእኔ ምክንያት ወደቀ ብላ ካሰበች ዳግም ምንጩን አታየውም፤ ሕመሟም ይመለስባታል።» ማልሁለት። የክለቡ ወኪል የደብረ ማርቆሱን ልጅ ይዞ ሄደ፤ ለእኔም «ያንተን ልጅ በሚቀጥለው ዓመት እንየው» አለኝ። ገና ተስፋ ነበረን።

ተስፋችንን የቆረጡት እናቲቱ ናቸው። አልጋው ራስጌ ቆመው «ዳግም እዚያ ሰውዬ አዳራሽ ብትገባ የጠባኸው ጡት ይፍረድብህ» ብለው ገዘቱት። በእኛ አገር የእናት ግዝት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። የሚፈታው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅሽን የጣለው የአሠልጣኙ ክፋት አይዶለም፣ ያንቺ ጣሳ ነው ብሎ መንገር። ይበልጣል አልነገራቸውም። አዳራሹንም ዳግም አልረገጠም።

እኔ ግን ልነግራቸው ሄጃለሁ። ልደብቅ አልፈልግም፤ መሐላዬን ላፈርስ ቆርጬ በመኪና እስከ ሰከላ፣ ከዚያ በእግሬ እስከ ምንጩ ወጣሁ። የልጁ ክንድ በሥራ ፈትነት ሲበላሽ ማየት አልቻልሁም። ወይዘሮ እናትነሽ ከምንጩ ወጣ ብለው አንዲት የደከመች ሴት ደግፈው ጸበል ያጠጣሉ። «ጥግብ ይበሉ እናቴ፣ ግማሽ በረከት የለም» ይላሉ። ሴትዮዋ ስትጠጣ የወይዘሮ እናትነሽ ፊት ሲበራ ከሩቅ ቆሜ አየሁ። ሳያዩኝ ተመለስሁ። ጥሩ አደረግሁ ወይስ አጠፋሁ፣ ዛሬም አልለየሁትም። የሚቆጨኝ ግን ይቆጨኛል፤ ስተኛም ስነሣም።

ከይበልጣል በኋላ ብዙ ልጆች አሠለጥንሁ። ጎበዞች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ሜዳሊያ አምጥተዋል። ጆንያው ግን እንደዚያ ሲያጎነብስ አላየሁም። አሁን አዳራሹ የዕቃ ማከማቻ ሆኗል፤ ወጣቱም ኳስ ቁማር ቤት ነው የሚውለው። በዚህ አልከራከርም፣ ዘመን ነው።

ይበልጣል ዳቦ ቤቱ ቀረ። ያ ባለቤት፣ በምድጃው ፊት ልጁን ገመድ ያዘለልሁበት ሰውዬ፣ አዝኖለት ሥራ ሰጠው። እያደር ጋጋሪ ሆነ፤ ኋላም ዳቦ ቤቱን ተከራይቶ የራሱ አደረገው። አገባ፣ ወለደ። እኔም ጧት ጧት ትኩስ ዳቦ ልገዛ ብዬ እሄዳለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን የምሄደው ለዳቦው አይዶለም። ሊጡን ገበታው ላይ አንሥቶ ሲመታው ለመስማት ነው። ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። እሱም ያውቃል።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን እንደ ልማዴ ተቀምጬ ሳለ እናቱ መጡ። ቆብ ደፍተዋል፣ መቋሚያ ይዘዋል፤ ያቺ ቢጫ ጀሪካን አሁን በልጅ ልጃቸው ጀርባ ላይ ናት። ስንት ዘመን ሰላምታ ነፍገውኝ ኖረው፣ ያን ዕለት አጠገቤ ተቀመጡ።

«አለምነው» አሉኝ። «እንግዲህ እኔም መንገደኛ ነኝ። ሳልሞት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን ልጄን ምን ጣለው?»

ከኋላዬ ሊጥ ሲመታ የነበረው ድምፅ ቀጥ አለ። ዞሬ ባላይም ይበልጣል እጁ አየር ላይ እንደቀረ አወቅሁ።

«እኔ ነኝ እማሆይ» አልሁ። «አያያዙን አላወቅሁበትም። ከልክ በላይ አደረቅሁት።»

ከዚያ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣሉ። «በልቤ ስንት ዘመን ረገምሁህ» አሉ፤ «እግዜር ይፍታህ፣ እኔንም ይፍታኝ። ልጄንም ተግዝቴ ፈትቼዋለሁ፤ ለምንም ባይሆነው።» የዚያን ቀን በቁጣ «አንተ» ያለኝ አፍ አሁንም አንተ አለኝ፤ ግን ለልጅ እንደሚባለው ነበር። «እህል ቀምሰሃል?»

«አልቀመስሁም።»

ጣሳቸውን አውጥተው ሞሉ። «እንካ። ጥግብ አርገህ ጠጣ።»

ጠጣሁ። ደግመው ሞሉልኝ፤ እሱንም እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ቀዝቃዛ ነበር፣ ዓይኔን ዕንባ ሞላው፤ እሳቸው ጸበሉ ሠራልህ ብለው ደስ አላቸው። ከኋላዬ ሊጡ እንደገና ከገበታው ተነሣ። ጀርባዬን እንደሰጠሁ አዳመጥሁ። «ድም» አለ። ያ ክንድ ዛሬም ሰው ይጥል ነበር።